ከእኛ ቀድማ የገደፈች

ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ያውቀዋል፤ ሁዳዴ ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ። 55ቱን ቀን ድም የሚል ነገር የለም። ደብረ ማርቆስ ያለነው መዘምራንም ከበሯችንን ለንብረት ክፍል አስረክበን፣ የፋሲካን መዝሙር ያለ ከበሮ ስንለማመድ ከረምን። ከበሮ መቺያችን እጁ አላርፍ ሲለው ጉልበቱን ይደበድባል። አጠገቡ ከተቀመጥኩ የእኔንም።

የንብረት ክፍል ኃላፊው ጋሼ ጥብቅ ሰው ናቸው። ያለ ፊርማ አንዲት ጧፍ አትወጣም። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውታል። "ጋሼ፣ ከበሮው ይናፈስ እንጂ፤ ቆዳ እኮ ነው" ስንላቸው፣ "እናንተ ድምፃችሁን ጠብቁ፤ ከበሮውን እኔ እጠብቃለሁ" አሉን።

የትንሣኤ ሌሊት ደረሰ። መብራት ጠፍቷል፤ ያለን ጧፍ ብቻ ነው። እህቶች ፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ከበሮ መቺው መሃል። የሁለት ወር አምሮቱን ይዞ በቀኝ እጁ አሳረፈበት። ድም! ግራውን ሲያስከትል ግን እጁ አልተመለሰም። በትንሹ አፍ በኩል እስከ አንጓው ገባ።

ለካ እኛ ከሥጋና ከወተት ተከልክለን ስንሰግድ፣ አይጥ የበሬውን ቆዳ እየቆረጠመች ስትገድፍ ከርማለች! ቤቷንም እዚያው ሠርታለች። ልጁ እጁን መንጭቆ ሲያወጣ የመዝሙር ጥራዛችን ብጥስጣሽ ተከትሎት ወጣ። ከወረቀቱ ኋላ ደግሞ ባለቤቷ ራሷ። በነጩ እጅጌው ላይ ሽቅብ ሮጣ ትከሻው ላይ ወጣች። ግራ ቀኙን አየችና ፊት መስመር ላይ ዘለለች።

እህቶቻችን ጮኹ። ሕዝቡ በጨለማ ምን ያውቃል? የትንሣኤን ብሥራት ሲጠብቅ ያመሸ ምእመን ጩኸቱን እልልታ አድርጎ ወሰደው። እልልልል! ግቢው ተናጋ። እነሱ ሲዘሉ ሰው ያጨበጭባል። ሲያጨበጭብ አይጧ ትደነግጣለች። እሷ ስትደነግጥ እነሱ ይብሱን ይዘላሉ። እኛ ከኋላ ምን እናድርግ? መዝሙሩን ቀጠልን።

ቅዳሴ ሲያልቅ አንዲት እናት ከፊት መስመር አንዷን አቅፈው ሳሟት። "እሰይ ልጄ! ለጌታ እንዲህ ነው እንጂ መዝለል! ዘንድሮስ ነፍስ ዘራችሁበት" አሏት። ልጅቷ ገና ነጠላዋን እያራገፈች ነበር።

ስመ ጥሮቹ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ቅኔ አያልፍም። መሪጌታ በአይጧ ላይ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ዘረፉ። ሰሙ አይጧ እንደሆነች ገብቶኛል። ወርቁ እኛ ሳንሆን አንቀርም፤ ሊቃውንቱ ሲስቁ የሚያዩት እኛን ነበር።

ለዳግም ትንሣኤ ስብሰባ ተጠራ። ጋሼ "ቁልፉ ከአንገቴ አልወረደም" ብለው ማሉ። እውነታቸውን ነው፤ አይጥ መቼ ቁልፍ ትጠይቃለች? ድመት ትገዛ ተባለና ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ሒሳብ ክፍል "ያለ ደረሰኝ ብር አይወጣም" አለ። የድመት ደረሰኝ ከየት ይምጣ? በመጨረሻ አንዱ ከጎረቤቱ በነጻ ይዞ መጣ።

ጋሼ ግን "በንብረት መዝገብ ሳትመዘገብ ዕቃ ቤት አትገባም" ብለዋል። ድመቲቱ ይኸው በር ላይ ተቀምጣ የንብረት ቁጥሯን እየጠበቀች ነው።