አፏን ሳትፈታ የጀመርነው ወሬ

ልጄ ቀኗ ሳይደርስ፣ ሁለት ወር ቀድማ ነው የተወለደችው። ቢጫ ሆና መብራት ስር ተኛች። ኢንፌክሽንም ስለነበረባት ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ተወጋች። ከሆስፒታል ስንወጣ አንዲት ነርስ ለብቻዬ ጠራችኝና «ጆሮዋን አስመርምሪላት፤ እስከዚያው ደግሞ አውሪያት» አለችኝ። ስለ ክብደቷና ስለ ጡት ያልመከረኝ ሰው የለም። ንግግሯን ያነሳችልኝ ግን እሷ ብቻ ናት። እግዜር ይስጣት።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ሕፃናት ንግግር የመዘግየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። በጣም የበረታ ቢጫነት የመስማት ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ጄንታማይሲንም ሕይወት እያተረፈ አንዳንዱን ልጅ ጆሮውን ይነካዋል። ባለሙያዎች የልጁ መስማት በ1 ወር ይጣራ፣ በ3 ወር ይረጋገጥ፣ ችግር ካለ በ6 ወር እርዳታው ይጀመር ይላሉ። እኛ አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርናት። ተኝታ እያለች ትንሽ መሰኪያ ጆሮዋ ውስጥ ገባ፤ ድምፅ ላከና ጆሮዋ የመለሰውን መዘገበ። አለቀ። ደህና ናት ተባልን።

ከዚያ ወሬው ቀጠለ። እኔና ባለቤቴ ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ልብስ እንሰፋለን። ስፌት መኪናው ሲንጫጫ የሕፃን ድምፅ የት ይሰማል? ስለዚህ ማሽኑ ሲቆም ጠብቀን ነው የምናወራት። ፊቴን ወደ ፊቷ አቀርባለሁ። «አጉ» ስትል «አጉ» እላታለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ። ከባዱ ይሄ ዝምታ ነው፤ ተራዋን እስክትወስድ ጊዜ ይፈልጋል፣ እጅ ደግሞ ሥራ ይጠብቀዋል። ግን ስትመልስልኝ እንዴት ደስ እንደሚል!

ነገሩ የእናት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2003 በታተመ አንድ ጥናት የ8 ወር ሕፃናት ድምፅ ባወጡ ቁጥር እናቶቻቸው ወዲያው ፈገግ ሲሉላቸውና ሲነኳቸው፣ ድምፃቸው እዚያው በዚያው ወደ ንግግር እየቀረበ ሄደ። ያው ፈገግታ በሌላ ሰዓት ሲሰጥ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልመጣም። ልዩነቱ መልሱ በሰዓቱ መድረሱ ነው።

አሜሪካ ባለው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቢያቴ ፒተር የምትመራው ሥራ አለ። ጋላክቶሴሚያ ያለባቸው ሕፃናት የወተትን ስኳር ሰውነታቸው መጠቀም አይችልም። ከወተት ቢጠበቁም ብዙዎቹ በኋላ ንግግር ይቸግራቸዋል። ሕመሙ እዚያ ገና ሲወለዱ በደም ምርመራ ስለሚታወቅ፣ ልጁ እስኪቸገር አይጠበቅም። የንግግር ባለሙያ በኮምፒውተር ወላጆችን እያሠለጠነች፣ ሥልጠናው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ተጀምሮ እስከ 2 ዓመት ይዘልቃል። ሥራውን የሚሠሩት ወላጆቹ ናቸው። ይህን ሳነብ ልቤ ሞላ። እዚህ የንግግር ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ እናትና አባት ግን አለን።

«ዕድሜዋ ደርሶ ለምን እንዲህ አትልም?» የሚሉኝ አሉ። ቀድሞ የተወለደ ልጅ እስከ 2 ዓመቱ የሚቆጠርለት መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። የኔዋ 8 ወር ሲሞላት እንደ 6 ወር ልጅ ነው የምትታየው።

ሌላው የሰፈር ስጋት ቋንቋ ነው። እናቴ በአማርኛ፣ ጎረቤታችን በኦሮምኛ፣ የቤቱ ባለቤት በሐረሪ ያወሯታል። «ይምታታባታል፣ አንዱን ምረጡላት» ተባልን። አልመረጥንም። ሁለትና ከዚያ በላይ ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም። ሐረር ላይ አድጋ የጎረቤቷ ቋንቋ ለምን ይቅርባት? ቡና ሲፈላ ከእቅፍ እቅፍ እየተቀባበልናት ሁሉንም ትስማ። እኛ ያጠፋነው ቴሌቪዥኑን ነው፤ ቴሌቪዥን ተራ አይጠብቅም፣ አይመልስላትም።

አሁን «ባባባ» ትላለች። «አባ! አባ መጣ!» እላታለሁ፣ አባቷም ከመርፌው ቀና ይላል። ውሃ እያየች «ኡ» ካለች «ውሃ፤ ውሃ አማረሽ?» እላለሁ። ድገሚ አልላትም።

በወሬ ሁሉም ነገር ይስተካከላል እያልኩ አይደለም። ልጁ በ10 ወሩ እንደ «ባባ» ወይም «ዳዳ» ያለ ድምፅ ካላወጣ፣ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ጆሮው ይታይ። ቀደም ሲል ታይቶ ደህና የተባለም ቢሆን ድጋሚ ይታይ።

የጤና ባለሙያዎችን አንድ ነገር ልለምን። በ9 ወር ሁላችንም ለኩፍኝ ክትባት እንመጣለን። ሕፃኑ ባባ፣ ዳዳ የሚልበት ጊዜም ያው ነው። መርፌው ከተወጋ በኋላ «ምን ምን ይላል? ስትጠሪው ይዞራል?» ብላችሁ ጠይቁን። ካርዱ ላይም ጻፉልን።