የእግሬን ችፌ እንዴት እንደያዝኩት

መጀመሪያ ያየሁት በጣቶቼ መሃል ነው። በትንሿና በአጠገቧ ባለችው ጣት መካከል የራሰ፣ ነጣ ብሎ የሚላጥ ቆዳ ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ችፌ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በእግር ላይኛው ቆዳ ላይ፣ አለዚያም በውስጥ እግርና በጣት ጎን ከጤፍ ፍሬ ከፍ የሚሉ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ሆኖ ነው። መለየቱ የግድ ነው፤ የችፌ ቅባት ፈንገስ ላይ ሲቀባ ማሳከኩን ያበርድና ፈንገሱን ከሥር ያስፋፋል። ጤና ጣቢያ ካልለየው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ።

ማታ እግሬን ለብ ባለ ውሃ 10 ደቂቃ እነክራለሁ። የለመድነው ሙቅ ውሃ በጨው ድካም ቢያወጣም ለተሰነጠቀ ቆዳ አይሆንም፦ ጨው ያቃጥላል፣ ሙቀቱም የቆዳውን ወዝ አጥቦ ይባስ ያሳክካል። የልብስ ሳሙና አላስጠጋም። ሳልፈትግ በፎጣ ጫን ጫን እያደረግሁ አደርቅና ቆዳው ገና እርጥበት እያለው ሐኪም ያዘዘልኝን የችፌ ቅባት፣ ቤታሜታዞን 0.1 በመቶ፣ እቀባለሁ፤ 20 ደቂቃ ቆይቼ ቫዝሊን እደርብበታለሁ። የቤታሜታዞኑ ልክ በጣት ይሰፈራል፦ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተዘረጋው ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ለአንድ ሙሉ እግር ሁለት እንዲህ ያለ ይበቃል። የተሳሳትኩት ማሳከኩ እንደቆመ ማቋረጤ ላይ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። አሁን ሐኪሙ እንዳለኝ ሁለት ሳምንት እሞላለሁ፣ ከዚያ ቅዳሜና እሁድ ብቻ። ቫዝሊኑ ግን አይቋረጥም።

ጫማውም ግማሽ ሕክምና ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃውን ሸሽተን ቀኑን ሙሉ የላስቲክ ቦቲ ስናደርግ ላቡ ታምቆ ቆዳው ይርሳል። ቅዳሜ ገበያ ስውል ሁለተኛ የጥጥ ካልሲ ይዤ ቀትር ላይ እቀይራለሁ፤ ጫማም አንድ ቀን እያሳደርኩ አፈራርቃለሁ። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ አየሩ ደርቆ ተረከዝ ስለሚሰነጠቅ ቫዝሊን ጠዋትም እጨምራለሁ። ሽፍታው የነጠላ ጫማውን ማሰሪያ መስመር ተከትሎ ከወጣ ተጠርጣሪው ላስቲኩ ነው፤ በቆዳ ጫማም ማልፊያው ወይም ማስቲሹ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጫማው ካልተለወጠ ቅባት ብቻውን አያድንም።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ለውሶ ማሰር እባካችሁ ይቅር። ነጭ ሽንኩርት ብቻውን ቆዳ አቃጥሎ ውሃ ያስቋጥራል። ቢጫ ቅርፊት፣ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም ትኩሳት ከመጣ ቁስሉ አመርቅዟል፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው።