ውሃ ብቻ ጠጥቼ ወንጂ መንገድ ላይ የተቀመጥኩ ቀን

ጥቁር ቲሸርት ለብሳችሁ አዳማ ላይ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሩጡና ቤት ስትገቡ አውልቃችሁ እዩት። ደረቱና ጀርባው ላይ ነጭ ነጭ መስመር ታገኛላችሁ፣ የኔማ ከመስመር አልፎ ካርታ ነው የሚሰራው፣ እናቴ መጀመሪያ ያየች ቀን ኖራ የተቀባ ግድግዳ ተደግፌ የመጣሁ መስሏት በመዳፏ ታራግፍልኝ ጀመር። አይራገፍም እማዬ፣ ጨው ነው። ካላመናችሁ ጣታችሁን አስነክታችሁ ቅመሱት።

የሚገርመው ይሄን ጨው በየቀኑ እያየሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ስተካ የኖርኩት ውሃ ብቻ ነው። ሃይላንድ ይዤ እወጣለሁ፣ ሌላ ሃይላንድ ገዝቼ እገባለሁ፣ በቃ። ጨው ለኔ ወጥ ውስጥ የሚገባ ነገር ነበር።

አዳማን ለማያውቅ ሰው፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፣ ግን መንገዱ ቁልቁል ነው፣ እነሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ተሰቅለው እኛ 1,600 ምናምን ላይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጠናል፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። ሙቀቱስ እሺ፣ ጉዱ ያለው ነፋሱ ጋ ነው። እነዛ ነጫጭ የነፋስ ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። ላብ ገና ከቆዳህ ብቅ ሲል ነፋሱ ልሶት ይሄዳል፣ አንተም "ዛሬ ብዙም አላላበኝም" እያልክ ትቀጥላለህ። ሐዋሳ ለስራ ሄጄ ሐይቁ ዳር ስሮጥ ላቡ ከአገጬ ይንጠባጠብ ነበር፣ ቢያንስ ታየዋለህ። እዚህ ግን ሳታየው ይሰርቅህና ጨዉን ብቻ ቲሸርትህ ላይ ጥሎልህ ይሄዳል።

ወደዛች ቀን ልምጣ። መጋቢት ነው፣ ሁዳዴ ተይዟል። እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ አልቀመስኩም፣ 9 ሰዓት ሲሆን ሽሮዋን ነካ ነካ አድርጌ ተውኳት፣ ጠግቤ መሮጥ አልችልማ፣ በውሃው ላካክስ ብዬ ግን ሁለት ሊትር ጠጣሁ ከምል ገለበጥኩ ብል ይሻላል። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዤ ወደ ወንጂ። መንገዱን የምወደው ሜዳ ስለሆነ ነው፣ ሸንኮራው ሲጀምር ደግሞ ሽታውም ይለወጣል፣ የቀዘቀዘ ይመስልሃል (አይቀዘቅዝም)። ሁለቱንም ሃይላንድ እዛው ጨረስኳቸው፣ መመለሻዬ ላይ ከሱቅ ባለ አንድ ሊትር ገዛሁና እሱንም እየሮጥኩ ጨረስኩት። ሲደመር በሦስት ሰዓት ውስጥ አራት ሊትር መሆኑ ነው፣ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ።

ስመለስ መጀመሪያ ራሴን ያዘኝ። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ። ከዛ ጣቴ ላይ ያለችው የብር ቀለበት ጠበቀችኝ፣ ላዞራት ብል እምቢ አለች፣ ጣቶቼ ተነፋፍተዋል። እግሬ እኮ ምንም አልሆነም፣ ጭንቅላቴ ነው እምቢ ያለኝ። መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር አቆመና "ወንድሜ ውሃ ጥም ነው የጣለህ፣ እንካ" ብሎ የራሱን ውሃ አቀበለኝ፣ ደግ ሰው ነው እግዜር ይስጠው፣ ላለማሳፈር ጠጣሁለት፣ ብዙም ሳይቆይ ያንን ሁሉ ውሃ እዛው አስመለስኩት። ቤት ሲያደርሰኝ እናቴ አንዴ አይታኝ "ምች ነው የመታህ፣ በዚህ ፀሐይ ማን ውጣ አለህ" ብላ ዳማከሴ አሽታ አፍንጫዬ ላይ። ዳማከሴው ሽታው ደስ ይላል፣ እሱን አልክድም።

በነጋታው ፋርማሲ የሚሰራ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ።

"ስንት ጠጣህ?"
"አራት ሊትር ቢሆን ነው።"
"ጨውስ?"
"የምን ጨው?"

ሳቀብኝ። ከዛ እንዲህ አስረዳኝ፣ ላብ ውሃ ብቻ አይደለም፣ አንድ ሊትር ላብ ውስጥ በአማካይ አንድ ግራም አካባቢ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ማለት ነው) አለ፣ ሰው ከሰው ይለያያል፣ ግማሹን የሚያወጣም አለ እጥፉን የሚያወጣም አለ፣ እንደኔ ቲሸርቱ ላይ ካርታ የሚስል ብዙ ከሚያወጡት ሳይሆን አይቀርም። እኔ ደግሞ ሶዲየሙን በላብ እያስወጣሁ ከላይ ንፁህ ውሃ ስሞላ ደሜን እንደቀጠነ ወጥ አቅጥኜዋለሁ። ሃይፖናትሬሚያ ይሉታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣት ማበጥ፣ ሲብስ መዘባረቅና ራስን መሳት፣ ይገድላልም። ክፋቱ ከላይ ሲያዩት የውሃ ጥም ይመስላልና ሰው ሁሉ ተሯሩጦ ውሃ ያጠጣሃል፣ እሳት ላይ ጋዝ ማለት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ 488 ሯጮች ደማቸው ተመርምሮ 13 በመቶዎቹ ሶዲየማቸው ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል። እኔ የዛን ቀን ደሜን ስላልተመረመርኩ በእርግጠኝነት እሱ ነበር አልልም፣ ግን ቀለበቷ መጥበቋን ስነግረው ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ።

ታዲያ አይጠጣ ወይ? እሱ አይደለም ነገሩ። ኃይሌ በ2009 (አሁንም በነሱ አቆጣጠር) የዱባይ ማራቶንን ሲያሸንፍ ከክብደቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ቀንሶ ነው የገባው፣ ይሄ ተለክቶ የተፃፈ ነገር ነው። ስለዚህ ትንሽ ክብደት ቀነስኩ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም ማለት ነው፣ ሲጠማህ ትጠጣለህ፣ ሳይጠማህ በፕሮግራም አትገለብጥም። ግን እኛም ኃይሌ አይደለንም፣ እሱ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ሮጦ ይገላገላል፣ እኔ በዛ ሰዓት ገና ግማሹን አልፌ ከፀሐይዋ ጋር እየተነጋገርኩ ነው።

ሌላው የሚረሳው ነገር መጠጣት ብቻውን አያቀዘቅዝህም፣ የሚያቀዘቅዝህ ላቡ ሲተን ነው። በ2012 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ማታ ደመራ ለኩሰን ተመልሰን የዶሃን የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ለማየት ቲቪ ላይ ተተክለን ነበር፣ ሙቀቱን ፈርተው ውድድሩን እኩለ ሌሊት ላይ ነው ያስጀመሩት፣ ሆኖም 32 ዲግሪ ገደማ፣ እርጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ። ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፣ የኛም ሦስቱ ልጆች አልጨረሱም። ውሃ አጥተው አይደለም፣ በየጣቢያው ውሃውም በረዶውም ነበር። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላቡ የሚሄድበት የለውም። በሳምንቱ አየሩ ትንሽ ሻል ሲል በወንዶቹ ማራቶን ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ፣ ሰፈሩ ጮኸ። እና የአዳማን ነፋስ ስሰድበው ቆይቼ እዚህ ላይ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ ቢሰርቀኝም እያቀዘቀዘኝ ነው።

ጓደኛዬ የሰጠኝ የቤት ስራ ቀላል ነበር፣ ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘን አለኝ። ቤት ሚዛን የለኝም። ግን ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ አለ፣ 12 ዓመት ቢሆነው ነው፣ የሚዛኗ መስታወት ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። የመጀመሪያ ቀን ስወጣ 68። አንድ ግማሽ ሊትር ጠጥቼ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ሩጫ በኋላ ስመለስ መርፌዋ 66 ተኩል ላይ። ልጁ ሚዛኗን አንስቶ ነቀነቃት፣ መሬት ላይ መልሶ አስቀመጣትና "ጋሼ እንደገና ውጣ" አለኝ። ወጣሁ። 66 ተኩል። "አልተበላሸችም እኮ" ይላል ለራሱ። እኔ ደግሞ ሂሳብ ላይ ነኝ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ቀንሻለሁ፣ ግማሽ ሊትር ጠጥቻለሁ፣ ስለዚህ ሁለት ሊትር አልቦኛል፣ በሰዓት ሲሆን አንድ ሊትር ተኩል አለፍ ይላል። ላብ የጠጣ ልብስ ስለሚከብድ ቲሸርት አውልቆ መመዘን ነበረበት፣ መንገድ ላይ ስለሆነ ሼም ይዞኝ ተውኩት። በሌላ ቀን ደመና ሆኖ ስሮጥ በተመሳሳይ ሰዓት ግማሹን እንኳን አላላበኝም። ይሄን ካየሁ በኋላ "በቀን ይሄን ያህል ሊትር ጠጡ" የሚለውን የቴሌግራም ምክር ሁሉ ማንበብ አቁሜያለሁ፣ የማን ላብ ተለክቶ ነው?

መጠጡን በተመለከተ፣ ለአንድ ሊትር ንፁህ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ እንጂ የተቆለለ አይደለም፣ ከፈለጋችሁ ሎሚ ጭመቁበት። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ቤት ውስጥ የሚበጠበጠው ማለት ነው፣ አዲስ ነገር የለውም። ስኳሩ ለጣዕም እንዳይመስላችሁ፣ ትንሹ አንጀት ላይ ሶዲየምና ከስኳሩ የሚገኘው ግሉኮስ ተያይዘው ነው የሚገቡት፣ ውሃው እነሱን ተከትሎ ይገባል። የኦአርኤስ ፓኬት ከገዛችሁ አንዱ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ ለሙሉ አንድ ሊትር ነው፣ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ የምትበጠብጡ ሰዎች አውቃችኋለሁ፣ ተዉ። ጨው እንዳይበዛ ጓደኛዬ የሰጠኝ መለኪያ እንባ ነው፣ ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ድፋው። የሚዛኑን ልጅ አንድ ቀን አቀመስኩት፣ ፊቱን አጨማዶ "ጋሼ ሳለቅስ አፌ ውስጥ የሚገባውን ይመስላል" አለኝ። ፓስ!

ደም ግፊት ያለባችሁ ግን ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ጨው አትጨምሩ፣ አባቴ ይሄን ሊሞክር ሲል ጠርሙሱን የቀማሁት በዛ ምክንያት ነው። ደግሞም አንድ ሰዓት ለማይሞላ ሩጫ ይሄ ሁሉ ወሬ ነው፣ ውሃ ጠጥታችሁ እራታችሁን ብሉ፣ ሽሮው ውስጥ በቂ ጨው አለ። ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ለሚያስጨንቃችሁ ደግሞ በላብ የሚወጣው ትንሽ ነው፣ ከሩጫ በኋላ አንድ ሙዝ ወይ ድንች ይሸፍነዋል። ጨው የጡንቻ መኮማተርን ያስቀራል የሚባለው ግን ባለሙያዎቹም ያልተስማሙበት ነው፣ እኔን ባቴን የሚይዘኝ ጨው ጠጥቼም ነው።

ለስላሳ መጠጥ እየሮጣችሁ አትሞክሩ፣ ስኳሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሆነ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ጋዙ ደግሞ በየእርምጃው ያስገሳሃል። አምቦ ውሃም እንደዛው፣ ከገባሁ በኋላ ግን ቀዝቃዛ አምቦ በሎሚ፣ አቤት! የወንጂ አካባቢ ሰው ደግሞ "የኛ ውሃ ማዕድን አለው" ብሎ ይቀልዳል፣ ስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚበዛው ፍሎራይድ ነው፣ ጥርስ ያበልዛል እንጂ ላብ አይተካም፣ እዛ ያደጉ ጓደኞቼ ሲስቁ ታዩታላችሁ።

ለረጅሙ የቅዳሜ ሩጫ አሁን የያዝኩት በሶ ነው። ሦስት ማንኪያ በሶ፣ ስኳር፣ ጨው ቆንጠር ተደርጎ፣ በጣም ቀጭን። ወፍራም ከሆነ ሃይላንዱ አፍ ላይ ይጓጉልና ስታናውጠው ፊትህ ላይ ይፈነዳል፣ ከልምድ ነው የማወራው፣ ነጠላ የለበሱ እናት አጠገቤ እያለፉ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ "ይሄ የገጠር ነገር ነው" ብሎ ናቀው፣ በአዲስ አበባ ፍጥነቱ ተነስቶ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። ጥፋቱ የበሶው አይደለም፣ ሰውነት ሙቀት እስኪለምድ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ ከለመደ በኋላ ቶሎ ያልበሃል፣ ላቡም ጨዉ ይቀንሳል፣ እሱ ደግሞ አርብ ማታ መጥቶ ቅዳሜ ነው የሮጠው። ይሄን ነግሬው "ቀስ በል" ብለው አልሰማኝም፣ በባጃጅ ነው የገባው።

ያለፈው ቅዳሜ አንድ ሊትሯን በሶዬን ከፋፍዬ እየጠጣሁ ያንኑ የወንጂ መንገድ ሄጄ ተመለስኩ። ቀለበቷን ሁለት ሦስቴ አዞርኳት፣ ትዞራለች። ሚዛኗ ላይ ስወጣ 67 አለች፣ ለሩጫ ስነሳ 68 ነበርኩ። ልጁ መርፌዋን አየና እኔን አየኝ፣

"ጋሼ ዛሬ አልሮጥክም እንዴ?"