ድዴን ያየልኝ ሐኪም

«እስቲ ከንፈርዎን ገለጥ ያድርጉልኝ» አለኝ ሐኪሙ። ገለጥኩ። ድዴን አየ። ቀጥሎ መዳፌን ዘርግቶ መስመሮቹን በባትሪ ተመለከተ። ከሰል የተቀቡ ይመስሉ ነበር። በዚያው ዓመት ወድቄ ጉልበቴ ላይ የቀረውን ጠባሳም አየ። እሱም ጠቁሯል።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

አላውቅም ነበር። ከድሮም ጠይም ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ሐኪም ቤት ስመላለስ አፌን ከፍቶ ያየ ሰው አልነበረም።

አስተማሪ ነኝ። ነገሩ የጀመረው በድካም ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ቆሜ ካስተማርኩ ሦስተኛው ላይ ጠረጴዛ እደገፋለሁ። ከወንበር ስነሳ ዓይኔ ላይ ይጨልምብኛል። ምግብ አስጠላኝ። ከ68 ኪሎ ወደ 55 ወረድኩ። የሚያምረኝ ጨው ብቻ ሆነ፤ ዳቦ ላይ ሳይቀር እነሰንስ ነበር። ይሄን ለማንም ሐኪም አልተናገርኩም። የጨው አምሮት በሽታ አይመስልማ!

መጀመሪያ ጨጓራ ተባልኩ። ከዚያ ታይፎይድ። ሦስት ጊዜ «ተገኘብህ» ተብዬ ሦስቴም መድኃኒት ጨረስኩ። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ በድሮ ኢንፌክሽንም ምክንያት ፖዘቲቭ ሊያሳይ እንደሚችል ያወቅሁት በኋላ ነው። በመጨረሻ «ጭንቀት ነው» ተባለ።

እናቴ ግን ከገጠር መጥታ ገና በር ላይ ስታየኝ «ምነው ልጄ፣ ፀሐይ ላይ ነው እንዴ የምትውለው? ጠቆርክብኝ እኮ» ብላኝ ነበር። ከሁሉም ቀድማ ምልክቱን ያየችው እሷ ናት። እኔ ነኝ አልፌ የሄድኩት።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳኝ። ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ቆብ የመሰሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ አድሬናል ይባላሉ። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞናቸው ሰውነት ሕመምን እንዲቋቋም ይረዳል። አልዶስቴሮን የሚባለው ደግሞ ጨው በሽንት እንዳይባክን ይይዛል። ዕጢዎቹ ሲጎዱ ጨው ያልቃል፣ ግፊት ይወርዳል። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ኮርቲሶል ስታጣ ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ሳታቋርጥ ትልካለች። ድድና ቆዳን የሚያጠቁረው የዚያ መብዛት ነው። ቶማስ አዲሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1855 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው የአዲሰን በሽታ ይባላል።

በደሜ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም የጨው ንጥረ ነገር፣ 121 ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከ135 እስከ 145 ነው። ፖታሲየሜ ከፍ ብሏል። ኮርቲሶል የሚለካው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከፍ የሚለው ያኔ ስለሆነ። እኔ መጀመሪያ ደም የሰጠሁት ከሰዓት በኋላ ስለነበር መድገም ግድ ሆነ። ውጤቱ በጣም ዝቅተኛ ነበር። ከዚያ ሲናክተን የተባለ መርፌ፣ 250 ማይክሮግራም፣ ወጋኝ። በ30ኛውና በ60ኛው ደቂቃ ደም ተወሰደ። ጤነኛ ዕጢ በዚህ መርፌ ኮርቲሶሉን ከፍ ያደርጋል። የእኔ ንቅንቅ አላለም።

«ቲቢ ታመው ያውቃሉ?» አለኝ።

ከ11 ዓመት በፊት፣ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ታምሜ ነበር። ታክሜ ድኛለሁ። ግን ሰው እንዳይሸሸኝ ብዬ ደብቄው ኖርኩ። ሐኪም ሲጠይቀኝ እንኳ «ከዚህ በፊት ታምሜ አላውቅም» እል ነበር። በሲቲ ስካኑ ሁለቱም ዕጢዎች ተጨማደው፣ ካልሲየም ይዘው ታዩ። የቲቢው ጠባሳ ነው። ያቺን አንድ ቃል ቀደም ብዬ ብናገር ኖሮ ምን ያህል ወራት እንደሚተርፉልኝ ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሕክምናው ጠዋት ጠዋት ኮርቲሶልን የሚተካ ክኒን፣ 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ነው። ለጨው የሚሆነውን ፍሉድሮኮርቲሶን ግን ስንት መድኃኒት ቤት ዞሬ አጣሁት። ወንድሜ ከዋሽንግተን ላከልኝ። በሳምንቱ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሳላርፍ ወጣሁ። ሁዳዴ ሲገባ የነፍስ አባቴን አማከርኩ። «መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ፣ ልጄ። ሐኪምህ ያለህን አድርግ» አሉኝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ክረምት ላይ ነው። ጤነኛ ሰው ሲታመም ዕጢዎቹ ራሳቸው ኮርቲሶል ይጨምራሉ። የእኔ አይችሉም። ስለዚህ ትኩሳት ሲኖር የፕሬድኒሶሎኑን መጠን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ አድርግ፤ ካስመለሰህና ክኒኑ ካልቆየ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን መርፌ ተወጋ ተብያለሁ። አንድ ሌሊት ትውከትና ተቅማጥ ያዘኝ። ሁለቴ የዋጥኩት ክኒን ተመልሶ ወጣ። «ይነጋል» ብዬ ተኛሁ። ሲነጋ ባለቤቴ ብትጠራኝ መመለስ አቃተኝ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ግፊቴ 70 በ40 ነበር። ፈሳሽ ብቻ ሊሰጡኝ ሲሉ ባለቤቴ ከቦርሳዬ አንዲት ወረቀት አውጥታ አሳየቻቸው። የበሽታው ስም፣ የመርፌው ስምና መጠን ተጽፎባታል። መርፌው ተሰጠኝ። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ አጥሚት ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቷን ሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ፦ ቦርሳዬ ውስጥ፣ የትምህርት ቤቱ ቢሮ፣ እናቴ ዘንድ። ባለቤቴ መርፌ መውጋት ከአንዲት ነርስ ተምራለች። መድኃኒቱና ሲሪንጁ ከቡና ስኒዎቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ልጆቹም ቦታውን ያውቁታል።