የዳኛ ረዳትነት ሥራን ለሕግ ድኅረ ምረቃ ክሬዲት ማስቆጠር

በዳኛ ቢሮ ተቀምጦ ሕግ መመርመር፣ መዝገብ አንብቦ ማጠቃለያ ማዘጋጀት፣ ውሳኔ ማርቀቅ፤ ለሕግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ያለ አይመስለኝም። ይህ ሥራ በትራንስክሪፕት ላይ ክሬዲት ሆኖ እንዲሰፍር ከተፈለገ ግን ጉዳዩ ማለቅ ያለበት ሥራው ሳይጀመር ነው። ሠርቶ ጨርሶ ‹‹ይቆጠርልኝ›› የሚል ተማሪ፣ የያዘው የምስክርነት ደብዳቤ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ ያልተከታተለውን ሥራ ወደ ኋላ ሄዶ መመዘን ይቸግረዋል።

ደንቡ በዝርዝር የተጻፈው በአሜሪካ ስለሆነ ከዚያው ልነሣ። እዚያ ጄዲ የሚባለው የሕግ ዲግሪ የሚወሰደው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። ተማሪ ገና እየተማረ ከዳኛ ጋር የሚሠራበት መንገድ ደግሞ ኤክስተርንሺፕ ይባላል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ለሕግ ትምህርት ቤቶች ያወጣው መመዘኛ 304 ተማሪው፣ መምህሩና የፍርድ ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ እንዲስማሙ፣ የተማሪው ሥራ በመምህር እንዲመዘን፣ ተማሪው ስለሚማረው ነገር ቆም ብሎ የሚያስብበት ክፍለ ጊዜ ወይም ቋሚ ውይይት እንዲኖር ይጠይቃል። ክፍያን በተመለከተ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ ክሬዲትና ደመወዝ አብረው አይሄዱም ነበር፤ ክልከላው በዚያ ዓመት ተነስቶ ውሳኔው ለየትምህርት ቤቱ ተትቷል።

ሰዓቱን አስቀድሞ ማስላት ግድ ነው። በአሜሪካ አንድ ክሬዲት በትንሹ 42.5 ሰዓት ነው። አራት ክሬዲት 170 ሰዓት ይሆናል፤ በ14 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ማለት ነው። እዚህ ላይ ስሌቱን የሚያበላሹት በዓላት፣ የፈተና ሳምንትና ዳኛው ችሎት የማያስችሉባቸው ቀናት ናቸው። የፍርድ ቤቱ ካሌንደር ከትምህርት ቤቱ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ዕቅዱ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ትርፍ ይኑረው። የምሳ ሰዓትና መንገድ አይቆጠሩም። የሰዓት መዝገቡ በዕለቱ ይሞላ፤ ‹‹ጥናት፣ 5 ሰዓት›› የሚል መስመር ለመዛኙ ምንም አይነግረውም። ‹‹ይግባኝ በጊዜው ስለመቅረቡ የቀደሙ ውሳኔዎችን መመርመር፣ 3 ሰዓት›› ቢባል ግን የባለጉዳይ ስም ሳይነሣ የሥራው ዓይነት ይታያል።

ስምምነቱ ላይ ተማሪዎች ችላ የሚሉት የሥራውን ዓይነት ነው። የሰዓትና የቀን ዝርዝር ብቻ ይዞ የተፈረመ ወረቀት ተማሪውን ፋይል ሲያደራጅና ቀጠሮ ሲያስተካክል ሊያከርመው ይችላል፤ መጨረሻ ላይ የሚመዘን ጽሑፍ ይጠፋል። እኔ የምመክረው ቢያንስ ሁለት የሕግ ማስታወሻዎችና አንድ የውሳኔ ረቂቅ እንዲጻፉ፣ በእያንዳንዳቸውም ላይ አስተያየት እንዲሰጥ በግልጽ ማስፈር ነው። ዕለት ተዕለት የሚከታተለው ዳኛው ናቸው ወይስ ቋሚ ረዳታቸው የሚለውም ይጻፍ፤ የግምገማ ቅጹን የሚሞላው እሱ ነውና።

ከሁሉም በላይ አደጋ ያለው ምስጢር ላይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሠራተኞች የሥነ ምግባር ደንብ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ተማሪዎችንም ይይዛል፤ በሥራ የተገኘን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው ከፍርድ ቤት ከወጡም በኋላ ይቀጥላል። ከሥራው ጎን የሚካሄደው የትምህርት ቤቱ ውይይት (ሴሚናር) ደግሞ ‹‹የሠራችሁትን አምጡ፣ ያሰባችሁትን ጻፉ›› ይላል። መምህሩም፣ የክፍል ጓደኞችም ለጉዳዩ የውጭ ሰዎች ናቸው። በእጅ ያለ መዝገብ፣ ዳኛው በቢሮ የተናገሩት፣ የረቂቁ አቅጣጫ በምንም መልክ ከቢሮ መውጣት የለባቸውም። ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ቀን፣ የገንዘብ መጠንና የነገሩ አመጣጥ ተገጣጥመው ባለጉዳዩን ያሳውቃሉ። የጽሑፍ ናሙና የሚያስፈልግ ከሆነ የዳኛውን ፈቃድ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ዳኛው ካልፈቀዱ መውጫው በታተሙ ፍርዶች ላይ ብቻ የተመሠረተ፣ ፍርድ ቤቱ ከያዘው ጉዳይ ጋር የማይገናኝ ጥናት መጻፍ ነው። ይህ አማራጭ ከመጀመሪያው ስምምነቱ ውስጥ ቢገባ ሁሉም ወገን እፎይ ይላል።

ከጄዲ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት በሙሉ ጊዜ የሚሠራው የዳኛ ረዳትነት ግን ሌላ ነው። ዲግሪው አልቋልና ለጄዲ አይቆጠርም። ኤልኤልኤም ለሚባለው የሕግ ማስተርስ ይቆጠር እንደሆነ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው፤ የጠበቆች ማኅበሩ ለኤልኤልኤም ዕውቅና አይሰጥም። ከውጭ አገር መጥቶ የኒውዮርክን የጥብቅና ፈተና ለመፈተን ያሰበ ሰው እዚህ ላይ በጣም ይጠንቀቅ። የኒውዮርክ ደንብ 520.6 የሚጠይቀው ኤልኤልኤም ቢያንስ 24 ክሬዲት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ በክሊኒክ ትምህርት፣ ማለትም በተግባር በሚሰጥ የሕግ ሥልጠና፣ ሊያዝ የሚችለው ከ4 አይበልጥም። ትምህርት ቤቱ ለምረቃ የተቀበለው ክሬዲት ለፈተናው ላይበቃ ስለሚችል፣ በ24 ላይ ተጨማሪ ኮርስ መያዝ ይሻላል። በኤፍ-1 (የአሜሪካ የተማሪ) ቪዛ ያለ ሰው ከካምፓስ ውጭ ለሚሠራው የተግባር ትምህርት በመደበኛው ደንብ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መጨረስ ስላለበት፣ የአንድ ዓመት ኤልኤልኤም ይዞ ለኤክስተርንሺፕ ከመመዝገቡ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮን ይጠይቅ።

በአውሮፓ ያለፈን ሥራ ማስቆጠር የሚሞከረው ‹‹ቀድሞ የተገኘ ዕውቀት ዕውቅና›› በሚባለው መንገድ ነው። አንድ የአውሮፓ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ትምህርት ነው፤ የአንድ ዓመት ማስተርስ 60 ክሬዲት ይይዛል። በእንግሊዝ ደግሞ ማስተርስ 180 ክሬዲት፣ አንዱ ክሬዲት 10 ሰዓት ነው። ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ ማለት ብቻውን እዚህም አያስኬድም። የኮርሱን ሲላበስ (ዝርዝር የትምህርት ዕቅድ) አውጥቶ፣ ከእያንዳንዱ የትምህርት ግብ ጎን የትኛው ሥራ እንደሚያሟላውና ማስረጃው ምን እንደሆነ መጻፍ ያስፈልጋል። ሥነ ሥርዓት ሕግና የፍርድ አጻጻፍ በቀላሉ ይገጥማሉ፤ የሕግ ፍልስፍና ወይም የምርምር ዘዴ አይገጥምም። ጥያቄውን ለሚገጥመው አንድ ኮርስ ብቻ ማቅረብ ግማሹን ዲግሪ ከመጠየቅ ይልቅ የመሳካት ዕድል አለው።