1.7 ዋርኒንግ አይደለም

ጀርመን አንድ ሴሚስተር ተምሬ ተመለስኩ። ክሬዲቱን አገር ቤት ለማስያዝ የደረሰብኝን እንግልት አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ከደብረ ሲናም ሆነ ከመሐል ሜዳ ነገ የምትሄዱ ልጆች አትድከሙ ብዬ ነው የምጽፈው። የዩኒቨርሲቲዬ ስም ይቅር።

ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ኢንሹራንስ ጊዜ ይበላሉ እንጂ ያልቃሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚፈራረሙበት የትምህርት ስምምነት አለ፤ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ እዚያ ላይ ይሰፍራል። የእኔ ተፈርሞ ማህተም አርፎበት ነበር።

መከራው የመጣው ውጤቱ ላይ ነው። የጀርመን ግሬድ ከእኛው ተገልብጦ ነው የሚሄደው፤ ትልቁ 1.0፣ ለጥቂት ማለፊያው 4.0፣ መውደቂያው 5.0። የእኔ አማካይ 1.7 ነበር፤ እዚያ «ጥሩ» ይባላል። ሬጅስትራር ያሉት ሰውዬ ትራንስክሪፕቱን ገለጥ አደረጉና «አንተ ልጅ፣ ስትጫወት ነው እንዴ የከረምከው? እኛ ዘንድ እኮ ከ2.0 በታች ዋርኒንግ ነው» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሰውዬው አልሳቁም።

የግሬዱ ማብራሪያ ትራንስክሪፕቱ ጀርባ ላይ ታትሟል። ገልብጬ አሳየኋቸው። «ይሄ የእነሱ ነው፤ እኛ በእኛ ደንብ ነው የምንሠራው።» ደንቡን ያሳዩኝ ብላቸው ወደ ዲፓርትመንት ሰደዱኝ። እዚያ ስደርስ የፈረሙልኝ ኃላፊ ለትምህርት ወጥተዋል፤ በቦታቸው የተተኩት ደግሞ «እኔ አልፈረምኩም» አሉ። ማህተሙን ሰውዬው ይዘውት የሄዱ ይመስል! ከዚያ ወዲያ ያለው የታወቀ ነው፤ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ፣ ፋይሉ ሌላ ቢሮ ነው። የጣርማበርን ቁልቁለት ወርጄ ቤት በገባሁ ቁጥር እናቴ «ተምረህ ነው የመጣኸው ወይስ ተባረህ?» ትለኛለች። ወሬው ጎረቤት ደርሷል።

ያወጣኝ ስሌት ነው። ጀርመኖች የውጭ ውጤትን ወደራሳቸው የሚለውጡበት የተሻሻለው የባቫሪያ ቀመር የሚሉት አላቸው፤ ገልብጣችሁ ብትሠሩት ወደ እኛም ይመልሳል። የእኛን ከፍተኛ ውጤት 4.0፣ የእኛን ማለፊያ 2.0 አድርጉ። ከ1.7 ላይ 1 ቀንሱ፤ የቀረውን 0.7 በ2 አባዝታችሁ ለ3 አካፍሉ፤ ያንን ከ4 ላይ ስትቀንሱ 3.53 ይመጣል። ይህን በአንድ ገጽ ጽፌ፣ ከስምምነቱ ቅጂ ጋር አያይዤ ለአካዳሚክ ኮሚሽኑ አመለከትኩ። በእጄ አልሰጠሁም፤ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ ቁጥሩን ያዝኩ። የቃል አቤቱታ ኮሪደር ላይ ይቀራል፣ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ግን የሆነ ሰው ጠረጴዛ ላይ መልስ ይጠብቃል።

ኮርሶቹ ተተኩልኝ። ግሬዱ ግን ጂፒኤ ውስጥ አይገባም፣ «ያለፈ» ተብሎ ብቻ ይመዝገብ ተባለ። እስከዛሬ ያናድደኛል።

ቢሮዎቹ «ሰነዱን ስትመለስ ታመጣለህ» ይሏችኋል። አትስሟቸው። የግሬድ መለወጫው ከመሄዳችሁ በፊት በቃለ ጉባኤ ይጽደቅ፣ ቅጂውም በእጃችሁ ይሁን፤ ፊርማ ብቻውን ሰው ሲቀየር ዋጋ የለውም። የየኮርሱን አውትላይን የተማሪ አካውንታችሁ ሳይዘጋ አውርዱ። አንድ ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የክሬዲት መለኪያ) ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፣ ቤት የምታነቡትም ተደምሮ። እንደ እኛ ክሬዲት አወር ክፍል ውስጥ የተቀመጣችሁበትን ሰዓት ብቻ የሚቆጥር ሰው ከገጠማችሁ ይቆርጥባችኋል። በዚህስ እኔ ተርፌያለሁ።

ሰሞኑን «እኔ አልፈረምኩም» ያሉት ኃላፊ ደውለው ያቺን አንድ ገጽ ስሌት እንድልክላቸው ጠየቁኝ፤ ሌላ ተማሪ ከጀርመን ተመልሳለች አሉ። ላክሁላቸው። ልጅቷንም ፈልጌ ኮፒውን ለራሷ ሰጥቻታለሁ፤ እነሱን አላምንም።