ቁራሌው ከመምጣቱ በፊት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

የቁልቢ እንግዶቻችንን ከሸኘን ዐሥር ቀን በቅጡ ሳይሞላን ገና መጣ። ድሬዳዋችን፣ ድሬ፣ በዚህ ሰሞን ትወደዳለች፤ ጠዋት ጠዋት ነጠላ የሚያስደርብ ነፋስ አለ፣ ከሰዓት በኋላም ሙቀቱ ሰው አያባርርም። የዶሮውን ዋጋ አታንሱብኝ እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። በየቤቱ ጽዳቱ ተጧጡፏል፤ አልጋ ሥር የከረመው ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። ጽዳት ካለ ደግሞ ቁራሌው አይጠፋም። ከዚራ ሂዱ፣ መጋላ ሂዱ፣ ያ የምናውቀው ጥሪ አለ፤ እሱ ሲያልፍ ልዋጩ ይተካል።

በቁራሌው ላይ ቂም የለኝም፤ ሠርቶ አዳሪ ነው። ግን የከተማችንን ታሪክ ግማሹን በኪሎ መዝኖ የወሰደው እሱ ይመስለኛል። እሺ፣ አጋነንኩ፤ ሲሶውን እንበል። ሰፈራችን ውስጥ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። የእጅ ፋኖስ ነበራቸው፤ በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው ጎኑ አረንጓዴ መስታወት የገባለት፣ እጀታው ተሰብሮ በሽቦ የተጠመጠመ። መብራት በጠፋ ቁጥር በራቸው ላይ ይሰቅሉትና እኛን ልጆቹን ያጫውቱን ነበር፤ አረንጓዴው ሲዞርልን እንሮጣለን፣ ቀዩ ሲዞር ቀጥ እንላለን። እሳቸው ካረፉ በኋላ ፋኖሱ ከአሮጌ ድስቶች ጋር ተመዝኖ ሄደ። ቤተሰቡን አልወቅስም፤ «ማን ይፈልገዋል?» ብለው ነው።

ሐረር ላይ «እኔ እፈልገዋለሁ» የሚል ሰው ተገኘ። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ማንም ሳይልካቸው፣ በጀት ሳይመደብላቸው፣ የሐረሪን ቅርስ ከየቤቱ መሰብሰብ ያዙ። መጀመሪያ ለሰው ያሳዩትም በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ነው። በኋላ የክልሉ መንግሥት ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ያለውን የራስ ተፈሪን ቤት ሰጣቸው፤ ዛሬ የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም የሚባለው ይኸው ነው። ፊቱ በእንጨት ቅርጽ ያጌጠ፣ የህንድ አሠራር የሚታይበት ቤት ነው። ተፈሪና ወይዘሮ መነን የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚያ አሳልፈዋል ይባላል። ያላያችሁት ካላችሁ ከድሬ ሐረር ሩቅ አይደለም፤ በበዓሉ ማግስት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ውስጡ በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖች፣ የሐረር አሚሮች ያስመቷቸው ሳንቲሞች፣ ሰይፎች፣ የብር ጌጦች፣ ስፌቶች አሉ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ሲሰበሰብ ስፌቱ ተበጥሶ፣ ቅጠሉ ተበታትኖ ነው የሚመጣው። ሰውየው ይህን መስታወት ውስጥ አስገብተው ዝም አላሉም፤ የሐረርን የጥራዝ ሙያ ራሳቸው ተማሩ። ቅጠሉ ይሰፋል፣ ቆዳው ይለበጣል፣ እንደ ፖስታ የሚታጠፈው ክዳን ይበጅለታል። የድሮ ዘፈኖችን ቅጂም ከየቤቱ ሰብስበዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሰው ይጠይቃል፤ ቁልፍ የሚይዝ ሳይሆን ሙያውን ከእጃቸው የሚቀበል ሰው።

ወደ እኛው ልመለስ። ድሬ ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ፣ አለላት። ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ሲሰጡ ሐዲዱ ሐረርን ሊነካ ነበር የታሰበው። ተራራውም ገንዘቡም አልፈቀደም፤ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ቦታውን «አዲስ ሐረር» አሉት። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከዚራም፣ ቀጥ ቀጥ ያሉት መንገዶቿም፣ ዛፎቿም የመጡት በጣቢያው ነው፤ እኛም ብዙዎቻችን የዚያ ባቡር ሠራተኛ፣ ነጋዴ ወይም ተሳፋሪ የልጅ ልጆች ነን።

አዲሱ ባቡር ጣቢያውን ከከተማ ውጭ አደረገ። የድሮው ግን በአማርኛና በፈረንሳይኛ ስሙን እንደጻፈ እዚያው አለ። ግቢው ውስጥ የቆሙ ፉርጎዎች፣ ሊትሪና የምንለው የመንገደኛ ባቡር፣ የወርክሾፑ ትልልቅ ቶርኖዎች (የብረት መቅረጫ ማሽኖች) ታያላችሁ። ብቻችሁን ከገባችሁ ብረት ነው። እዚያ የሠራ ሰው አብሯችሁ ከገባ ግን የትኛው ማሽን ጎማ እንደሚያስተካክል፣ የትኛው ቡሎን እንደሚቆርጥ፣ ማን ጣቱን የት እንዳጣ ይነግራችኋል፤ መሐል ላይ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋል፣ ወዲያው ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል፣ በሶማሊኛ ይቀልዳል፣ በአማርኛ ይጨርሳል። እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ ሆነዋል። ጡረተኞቹ በየተራ በር የሚከፍቱበት፣ ወጣቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያግዙበት የከተማ ታሪክ ክፍል ለገሃር ውስጥ ቢኖር የሚል ሐሳብ ይዞኛል። ክፍሉ የሚገኝ ይመስለኛል፣ ዕቃውም ከየቤቱ ይመጣል። የምፈራው ጊዜውን ነው። ሕንፃውን እናድሰዋለን፤ ሰዎቹን ግን ከአሁኑ ካልሰማናቸው በኋላ የምንለጥፈው ጽሑፍ «አሮጌ ማሽን» የሚል ብቻ ይሆናል።

በዚያ ላይ የእኛ ከተማ ብዙ አስቀምጣም አታውቅም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ከሰው ሕይወትና ከንብረት ጋር ስንት የሠርግ ፎቶ፣ ስንት የሥራ መታወቂያ እንደሄደ ማንም አልመዘገበውም። ከዚያ የተረፈውን በፈቃዳችን ለሚዛን መስጠት ያሳዝናል።

ስለዚህ የገና ስጦታ ከፈለጋችሁኝ ይኸውላችሁ። ለቁራሌው የተለየውን ክምር አንዴ በዓይናችሁ እዩት። ከባቡር፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከድሮ ሱቅ የወጣ ነገር ካለ ለይታችሁ አስቀምጡ። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ አባባን ወይም እማማን ፎቶዎቹን ይዛችሁ ጠይቁ፤ ስልኩ ድምፃቸውን ይቅረጽ። ስሙን ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ዘልቆ ፊቱን ያበላሻል። የሙስሊም ጎረቤቶቼ፣ እናንተም አልተለቃችሁም፤ ቡናው ላይ ስለምትኖሩ የእናንተንም አልበም ይዛችሁ ኑ። ለቅዳሜው ሥራ ፈቃደኛ የሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከጥምቀት በኋላ ጡረተኞቹን አብረን እናነጋግራለን።

መልካም የገና በዓል ከድሬ!